የስድስተኛው ክፍል ልባስ

ስለ አንዲት ባለ አንድ ክፍል ቤተ መጻሕፍት የማስታውሰውን ከመጻፌ በፊት፣ በእጄ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ መግለጽ ይገባኛል። ያለኝ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የአንባቢዎች መዝገብ ሆኖ ያገለገለ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ሲሆን የፊተኞቹን ቅጠሎች ምስጥ በልቷቸዋል። ሁለተኛው ለማኅበራችን ኮሚቴ የጻፍሁት ደብዳቤ የካርቦን ግልባጭ ነው፤ ሁለተኛ ገጹ ጠፍቷል። ሦስተኛው ከቡናማ ካኪ ቁራጭ የተሰፋ፣ እንደ ትራስ ልብስ የሚጠለቅና የሚወልቅ አንድ የመጽሐፍ ልባስ ነው። የቀረው ሁሉ ትዝታ ነው። ታሪክ ሳስተምር በኖርሁባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ፣ ሰው ደጋግሞ ያወራውን ነገር በዓይኑ ካየው ነገር መለየት እንደሚያቅተው እነግራቸው ነበር። አሁን ማስጠንቀቂያው ለራሴ ደርሶኛል።

በዘመን ቁጥር ረገድም ችግር አለብኝ። ደብተሩ በእኛ አቆጣጠር፣ ደብዳቤው በፈረንጆቹ የተጻፈ በመሆኑ ሁለቱን ሳገጣጥም አንድ ጊዜ ዓመት ይጎድልብኛል፣ አንድ ጊዜ ይተርፈኛል። ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ከ2001 እስከ 2003 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም። የሰው ስም አልጠቅስም። አብዛኞቹ ስማቸውን ለእኔም አልነገሩኝም፤ የነገሩኝም እንድጽፈው አልፈቀዱልኝም።

ወደ ጅቡቲ የመጣሁት በፈረንጆቹ ከ1998 በኋላ የአገራችን ጭነት ወደዚህ ወደብ በዞረ ጊዜ፣ በአንድ የትራንዚት ድርጅት የፈረንሳይኛ ተርጓሚ ሆኜ ነው። ማኅበራችን ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር በተከራየው ግቢ ጓሮ፣ በሯ ወደ ኋላው ጎዳና የሚከፈት አንዲት ክፍል ነበረች። በውስጧ ሰዎች ወደ አገር ሲመለሱ ትተዋቸው የሄዱ መጻሕፍት በካርቶን ተቆልለው፣ ከባሕሩ በሚመጣው እርጥበት ገጾቻቸው እየተጣበቁ ነበር። ኮሚቴው «መምህር ነዎት፣ እስቲ ይዩዋቸው» አለኝና ቁልፉን ሰጠኝ። በጀት አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

መደርደሪያውን የሠራነው ጭነት ተደርድሮባቸው መጥተው ወደቡ ከሚጥላቸው የእንጨት ፓሌቶች ነው። «ሠራነው» የምለው እኔና ከጥቂት ወራት በኋላ ቁልፉን የያዘችው ሴት ነን። ከድሬዳዋ የመጣች የቄስ ልጅ ስትሆን፣ እስከ ቀትር በአንድ የሠራተኞች መመገቢያ ቤት ምግብ ታበስል ነበር። ምስጥ እንዳይወጣ የመደርደሪያውን እግሮች ናፍጣ በተሞላ የሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ያቆመችው እሷ ናት። እኔ መጻሕፍቱን በአሥር የእውቀት ዘርፎች ከፍዬ ቁጥር ለጠፍሁባቸው። ቁጥሩን ከእኔ በቀር የተጠቀመበት ሰው አላውቅም።

መጀመሪያ የምንከፍተው ጠዋት ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል፣ ምናልባትም ለአራት፣ ከዝንብ በስተቀር የገባ አልነበረም። በመጨረሻ ቁልፍ ያዧ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ጠዋት ማን ለቋቸው ይመጣሉ? ጫቱ ሲገባ ነው የሚለቀቁት።»

የምትላቸው ሴቶች አብዛኞቹ በሰው ቤት የሚሠሩ፣ በከተማው ዳር ባለው በባልባላ ሰፈር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። ከቀትር በኋላ ጫቱ ደርሶ የቤቱ ባለቤቶች አረፍ ሲሉ፣ ሳህኑም ታጥቦ ሲያልቅ፣ ሁለት ሰዓት ያህል የማንም ያልሆነች ጊዜ ትተርፋቸዋለች። ስለዚህ በስምንት ሰዓት መክፈት ጀመርን። ከተማው በሙቀቱ ጸጥ ባለበት በዚያ ሰዓት መጡ፤ አስቀድሞ ሁለት፣ በኋላ አምስት፣ ከዚያም ወንበር እስኪጠፋ።

ሁለተኛውን ማሻሻያ ያመጣው ችግር ነው። አንባቢዎቹ የሚፈልጉት ወፍራም ልብ ወለዶችን ነበር፤ ከእነዚያ ግን አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ነበረን። አንዲቷ ይዛው ከሄደች ሌሎቹ ወር ይጠብቃሉ። ደግሞም ወፍራም መጽሐፍ በሽርጥ ኪስ አይገባም፣ በትራስ ሥር አይደበቅም፤ አንዳንዶቹ አሠሪዎች ሠራተኛ ስታነብ ማየት አይወዱም ነበር። ቁልፍ ያዧ መጽሐፉን እንቅደደው አለችኝ። መጽሐፍ ሲቀደድ ማየት ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ተከራከርኋት። በመጨረሻ ሁሉም የሚሻሙበትን ትልቁን ልብ ወለድ በስድስት ክፍል ከፍለን በወፍራም ክር ጠረዝነው። ለልባስ የሚሆነውን ካኪ ቁራጭ የሰጡን በዚያው ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ አንድ የሐረር ሰው ነበሩ። የኮሚቴው አባልም ስለነበሩ ሁሉም ሰው «ሐጂ» ይላቸዋል።

ከዚያ በኋላ ክፍሏ ጸጥታ አጣች።

«እትዬ፣ አራተኛው ክፍል ማን ጋ ነው? ልጅቷን ሊድሯት ስል አለቀብኝ!»

«ባልባላ ነው ያለው። አርብ ይመለሳል።»

«እስከ አርብማ ይድሯታል!»

«ታገሽ፣ ገና ሽማግሌ ነው የተላከው» ትላለች አራተኛውን ጨርሳ አምስተኛውን የያዘችው፣ ከጥግ ሆና።

«ዝም በይ አንቺ! እንዳትነግሪኝ!»

እንግዲህ በእኔ በኩል የተፈጸመውን ስሕተት ልናገር። ማኅበሩ ለለቅሶና ለሠርግ የሚያከራያቸው ድንኳኖችና ወንበሮች ነበሩት፤ የሚቀመጡበት መጋዘን ኪራይ ስለጨመረ የንብረት ኃላፊው የእኛን ክፍል ጠየቁ። ኮሚቴው በአንድ ስብሰባ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቋሚ አንባቢዎች እንዳሉት በዝርዝር ካልተረጋገጠ ክፍሉ ለድንኳኑ እንዲሰጥ ወሰነ። በደብዳቤዬ ግልባጭ ላይ «አንባቢዎቻችንን በሙሉ ስም፣ በአድራሻና በሥራ ቦታ መዝግቤ በአጭር ጊዜ አቀርባለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ያን ጊዜ ተገቢ ነገር የጻፍሁ መስሎኝ ነበር።

ደብተሩን አሰመርሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ ሰፈር፣ የአሠሪ ስም፣ ስልክ። በጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያዋ ሴት ደብተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ የያዘችውን ሦስተኛ ክፍል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ምንድን ነው እሱ፣ ጋሼ?»

«መዝገብ ነው። ለኮሚቴው ነው፤ ምንም አይደለም።»

«ወረቀት ወረቀትን ይጠራል፣ ጋሼ። ለሦስተኛው ክፍል ብዬ ደወሌ ድረስ አልሸኝም።»

ደወሌ የድንበር ከተማ ናት። መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲገኝ የሚሸኘው በዚያ በኩል ነበር። ከባልባላ በሚመጡት ሚኒባሶች ላይ የወረቀት ፍተሻ የተደረገው በዚያው ሰሞን መሆኑን እኔም ሰምቼ ነበር፤ ከደብተሬ ጋር ግን አላገናኘሁትም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍሏ ባዶ ሆነች። ክፍሉን ለማዳን የዘረጋሁት ደብተር አንባቢዎቹን አስወጣ፤ ያለ ደብተሩ ደግሞ ክፍሉ ሊወሰድብን ነው።

መፍትሔውን ያመጣችው ቁልፍ ያዧ ናት። አንድ ቀን ደብተሩን ወደ ራሷ ስባ፣ ያሰመርሁትን ሠንጠረዥ እንዳላየች አልፋ፣ በአዲስ ገጽ ላይ ጻፈች።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኋት።

«የክርስትና ስማቸው። ማታ በየቤታቸው ሄጄ ለመንኋቸው፤ ይህን ሰጡኝ።»

ለማያውቅ አንባቢ፣ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሁሉ ሲጠመቅ ቄስ የሚያወጣለት ሌላ ስም አለው። በጸሎትና በቁርባን ጊዜ ይጠራበታል፤ በመታወቂያም በፓስፖርትም ላይ ግን አይጻፍም፣ ጎረቤትም አያውቀውም። ሙስሊሞቹ ሴቶች ደግሞ እናታቸው በቤት የምትጠራቸውን ስም ሰጥተው ነበር። እኔ፣ መዝገብ ማለት ሦስተኛ ወገን ሊያረጋግጠው የሚችል መሆን አለበት ብዬ ተቃወምሁ።

«ውሸት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ውሸትማ አይደለም።»

«እንግዲያው ምን ጎደለው? ይልቅ የእርስዎንም ይንገሩኝ፤ እርስዎም ያነባሉ።»

«ገብረ» ብሎ እንደሚጀምር እርግጠኛ ነበርሁ፤ የየትኛው ቅዱስ አገልጋይ እንደሆንሁ ግን አልመጣልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ የጠራኝ የለም። ሁለት አማራጭ አቀረብሁላት።

ክፍሉ ውስጥ የነበረችው አንዲት ሴት ሳቀች። «ስሙን የማያውቅ ሰው መዝገብ ይጠብቃል!»

ቁልፍ ያዧ «ጋሼ» ብላ ብቻ ጻፈችኝ። ይህ መስመር ደብተሩ ላይ እስከ ዛሬ አለ።

ሴቶቹ ተመለሱ። ደብተሩም ሞላ። ኮሚቴው ሊጎበኘን የመጣው አንድ አርብ ከቀትር በኋላ ነው፤ በጅቡቲ የሥራ እረፍት ቀን ስለሆነ አንባቢ በብዛት ይገኛል ብዬ እኔው ራሴ የመረጥሁት ቀን ነበር። ሦስት ሆነው መጡ። ሊቀመንበሩ በከተማው መሃል በምኒልክ አደባባይ አጠገብ ቢሮ ያላቸው፣ በዚያ ሙቀትም ረጅም እጅጌ ሸሚዝ የማይተዉ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ጋር የንብረት ኃላፊውና ሐጂ ነበሩ። መኪናቸውን በሩ ላይ አቆሙት። ያላሰብሁት ነገር ይህ ነው። ከሚኒባስ ወርደው የሚመጡት ሴቶች መኪናውንና ሸሚዙን ከሩቅ አይተው፣ ተቆጣጣሪ የመጣ መስሏቸው ተመለሱ። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ተኩል ሆነ። በክፍሉ ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ጮክ ብለው አነበቡ።

«ወለተ ማርያም። ወለተ ሥላሴ። ወለተ ማርያም። ወለተ ማርያም።» ቅጠሉን ገለበጡ። «አሁንም ወለተ ማርያም። ስንት ናት ይህች ሴትዮ?»

«ዘጠኝ ናቸው፣ ጌታው» አለች ቁልፍ ያዧ።

«የአንባቢ ዝርዝር ነው ወይስ ለፍትሐት የተጻፈ?» አሉ የንብረት ኃላፊው። «የሞቱትንም ደምረሽ ከሆነ ድንኳኑ ያስፈልግሻል።»

«ስማቸው ነው። ቄስ ያወጣላቸው ነው። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ስም ከየት አምጥተው ይስጡ?»

«በዚህ ስም ማንን ማግኘት ይቻላል?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ማንንም። ጥሩነቱ እሱ አይደል?»

ሐጂ ሳቁ። ሊቀመንበሩ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞረው፣ የተማረ ሰው በመሆኔ ከእኔ ይህን እንዳልጠበቁ ተናገሩ፤ ቃላቸውን በትክክል አላስታውሰውም፣ መሬት መሬት ማየቴን ግን አስታውሳለሁ። የንብረት ኃላፊው «እሺ፣ አንዲቷን እንኳ ጥሩልንና እናምናለን» አሉ።

በዚህች ቅጽበት በበሩ በኩል ወደ ጎዳናው ተመለከትሁ። ማዶ ካለው ሱቅ ጥግ አንዲት ሴት ቆማለች። ከእነዚያ ከዘጠኙ አንዷ መሆኗን አውቃለሁ። በነጠላዋ ሥር የያዘችው ነገር ቅርጹ የጥራዝ ነበር። ስሟን ብጠራ፣ ወይም በእጄ ብጠቅሳት፣ ነገሩ ያልቅ ነበር። ዓይኗ ከዓይኔ ጋር ተገናኘ። ፊቴን ወደ ውስጥ መለስሁና «የምጠራው ሰው የለኝም» አልሁ።

የንብረት ኃላፊው ክፍሉን በእርምጃ መለካት ጀመሩ።

ሐጂ ግን ወደ መደርደሪያው ሄደው የትልቁን ልብ ወለድ የመጀመሪያ ክፍልና ስድስተኛውን ክፍል አንስተው ነበር። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እጃቸው ይዘው ልባሶቹን በአውራ ጣታቸው አሹ።

«ይህን ቁራጭ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ከሱቄ ሲወጣ እንደ ካርቶን ደረቅ ነበር። ይዳስሱት፣ ሊቀመንበር።»

ሊቀመንበሩ የመጀመሪያውን ክፍል ዳሰሱ። «ለስልሷል» አሉ።

«ጥሩ። የመጀመሪያውን ማንም ያነሳል፤ ካልጣመው ይተዋል። አሁን ስድስተኛውን ይዳስሱ።»

ዳሰሱ።

«እኩል ለስልሷል አይደል? ጠርዙን ይዩት፣ እኩል ነው የነተበው። ይህን ያህል ዘመን ጨርቅ ስሸጥ ኖሬ ይህ አይጠፋኝም። አንድ ሰው ብቻ ቢያነበው እንዲህ አይሆንም። ብዙ ሰው ጀምሮት፣ ያው ሰው ሁሉ ጨርሶታል። ወላሂ፣ እኔ ራሴ መጨረሻው ምን እንደሆነ ለማወቅ ጓጓሁ።»

«ጨርቅ ስም አይሆንም፣ ሐጂ» አሉ የንብረት ኃላፊው።

«እንግዲያው ዋስ ልሁናቸው።»

«ለማን?»

«ለዘጠኙም ወለተ ማርያም።»

«ዋስ የሚቆመው ለሚታወቅ ሰው ነው!»

«ለሚታወቅ ሰውማ ዋስ ምን ያደርግለታል?» አሉ ሐጂ። «አንድ መጽሐፍ ከጠፋ ከሱቄ ይጠይቁኝ። አንባቢ ከጠፋም እኔን ይጠይቁኝ።»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። በእኛ ዘንድ የተከበረ ነጋዴ በዋስነት ከቆመ በኋላ ማስረጃ መጠየቅ እሱን መጠራጠር ነው፤ ሦስቱም ይህን ያውቁ ነበር። ውሳኔው እዚያው እንደቆምን ተሰጠ፦ የድንኳኑ ቋሚ እንጨቶች ከመደርደሪያው ሥር ይገባሉ፣ ወንበሮቹ ሌላ ቦታ ይፈለግላቸዋል፣ ክፍሉ ግን ለመጻሕፍቱ ይቀራል። የንብረት ኃላፊው ሲወጡ የአንድን የአራስ እንክብካቤ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ቆመው አነበቡ፤ በሳምንቱ ሚስታቸው መጥተው ወሰዱት። ይህን የማስታውሰው ሆኖ ነው ወይስ መሆን የነበረበት ስለሚመስለኝ፣ አላውቅም። ደብተሩ ላይ የእሳቸው ሚስት ናቸው የምላቸው ስም የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ሐጂ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስድስቱንም ክፍሎች ተራ በተራ ወስደው አነበቡ። የመጨረሻውን ሲመልሱ «ልጅቷን ባይድሯት ይሻል ነበር» አሉ፤ ቁልፍ ያዧም ከሳምንት በላይ እየደጋገመች ሳቀችበት።

ክፍሏ ግቢው እስከተሸጠበት ጊዜ ድረስ ብዙ ዓመት ቆየች። ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱ በካርቶን ሆነው በባልባላ በሦስት ቤቶች ተከፋፈሉ። ከሦስቱ አንዱ ቤት ውስጥ፣ በፈረንጆቹ 2017 አካባቢ፣ የቀሩትን ጥራዞች አይቻለሁ። ትልቁ ልብ ወለድ አራት ክፍል ቀርቶት ነበር። ስድስተኛው ጥራዝ የለም፤ ልባሱ ግን ባዶውን ታጥፎ በሌሎቹ መካከል ተገኘ። የቤቱ እመቤት እንድወስደው ፈቀዱልኝ።

ቁልፍ ያዧ ወደ ድሬዳዋ ተመልሳ ነበር። ልባሱን ያገኘሁ ዕለት ደወልሁላት። ስለ ጤና፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ሐጂ ማረፍ ከተነጋገርን በኋላ ስለ ልባሱ ነገርኋት። በጣም ደስ አላት።

«እነዚያን ልባሶች ስንት ጊዜ አጥቤያቸዋለሁ መሰለዎት፣ ጋሼ! ስድስቱንም በአንድ ሳፋ፣ እጄ እስኪላጥ።»

«ታጥቢያቸው ነበር?»

«ታዲያ የስንቱ እጅ የነካውን፣ ላብ የጠጣውን እንዲሁ ልተወው? በየሁለት ሳምንቱ ቤቴ እየወሰድሁ። እርስዎማ ቁጥርዎን ሲለጥፉ የት ያዩኛል።»

የካኪ ጨርቅ በሳሙና ደጋግሞ ሲታጠብ ይለሰልሳል፣ ጠርዙም ይነትባል። ስድስት ቁራጭ በአንድ ሳፋ ቢታጠብ ስድስቱም እኩል ይለሰልሳሉ። ማጠብ የጀመረችው ከኮሚቴው ጉብኝት በኋላ ከሆነ፣ ሐጂ የዳሰሱት የአንባቢዎቹን እጅ ነው። ከጉብኝቱ በፊት ከሆነ ግን የዳሰሱት ሳሙናዋን ነው፤ ክፍሉም የተረፈው በእሱ ነው። አንባቢዎቹ እንደነበሩ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህ አያጠያይቅም። የሚያጠያይቀው የሐጂ ማስረጃ ነው። በዚያ ስልክ ላይ «ከመቼ ጀምሮ?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅሁም፤ ሌላ ጊዜ እጠይቃለሁ ብዬ ነበር። ያን ስልክ ቁጥር አሁን የማላውቀው ሰው ያነሳዋል።

ልባሱ ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በታችኛው ጥጉ የሳንቲም ስፋት ያለው የነጣ ቦታ አለበት። በረኪና የነካው ሊሆን ይችላል። መደርደሪያው በመስኮቱ ትይዩ ስለነበር ፀሐይ ያነጣውም ሊሆን ይችላል። ጨርቅ ለሚያውቅ ሰው ባሳየው ይለየው ይሆናል፤ እስካሁን አላሳየሁም።